ሁለተኛው ባለቤት፤ ያገለገለ አውቶሞቢል በአዲስ አበባ

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይና ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ በየፊናቸው አዲስ አበባ ያደረሷቸው ተሽከርካሪዎች ለዳግማዊ ምኒልክ ቀረቡ። ይህ ታሪክ በአያሌ መጻሕፍት ተደጋግሞ የተተረከ ስለሆነ እዚህ ላይ ማስፋፋቱ አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች፣ ማለትም ነገሥታቱ፣ መኳንንቱ፣ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖችና ነጋዴዎች በታሪክ መዝገብ ስፍራቸውን ይዘዋል። ብዙ ያልተጻፈለት ሁለተኛው ባለቤት ነው። ይኸውም ሌላው ነድቶ የጠገበውን መኪና በዕቁብ ገንዘብ የገዛው አስተማሪ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ከሰው ቤት ሾፌርነት ወጥቶ የራሱን መሪ የጨበጠው ባለታክሲ ነው። አውቶሞቢልን ከሹማምንት የክብር ምልክትነት አውርዶ የከተማ ሕዝብ መተዳደሪያ ያደረገው እርሱ ስለሆነ፣ ታሪኩ ከእርሱ በኩል ሲነበብ መልኩ ይለወጣል።

ለሁለተኛው ባለቤት መፈጠር የሚሸጥ አሮጌ መኪና ብቻ አይበቃም ነበር፤ የሚጠግን እጅም ያስፈልግ ነበር። ይህ እጅ የሠለጠነው ባልተወደደ መንገድ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትይዝ እጅግ ብዙ የጭነት መኪናዎችን አስገባች፤ ለጦሩ ስንቅና ለመንገድ ሥራውም ጋራዦችን አቋቋመች። በ1933 ዓ.ም. ድል ስትመታ ከንብረቱ ብዙውን እንግሊዞች የጦር ምርኮ ነው ብለው ቢወስዱትም ሁሉም አልጠፋም። ከኢጣልያኖቹም መካከል ሙያ የነበራቸው አንዳንዶቹ በአገሩ እንዲቀሩ ተፈቅዶላቸው በየጋራዡ መሥራታቸውን ቀጠሉ። በእነዚህ ቤቶች ጎማ በማንከባለልና ብሎን በማጠብ የጀመሩ ወጣቶች ውለው አድረው ሞተር አውርደው የሚገጥሙ ባለሙያዎች ሆኑ።

ሙያው ከነቋንቋው ተወረሰ። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን የሚባሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ብሎን የሚፈታው ካቻቢቴም፣ መንግሥት የሚሰጠው ታርጋና በየዓመቱ የሚለጠፈው ቦሎም ከዚያው ወገን ናቸው። አባቱ በማይጨው የወደቀበት ሰው እንኳ ቀኑን ሙሉ ላሜራና ስቱኮ እያለ ሲሠራ ይውል ነበር፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ አልነበረም። ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የመኪናው ክፍል ሁሉ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ የተለመደ ስም ስለነበረው፣ የውጭ ቋንቋ መመሪያ ማንበብ የማይችል ገዢ ምን እንደጎደለና ምን ያህል እንደሚያስወጣው ከመካኒኩ ጋር ተነጋግሮ ሊረዳ ይችል ነበር።

አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው የተመቸችው መኪና ትንሿ ፊያት 600 ነበረች፤ በከተማው አጠራር ሴቼንቶ። እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቭ ትርኢት ላይ የቀረበችው ይህች መኪና በመሐንዲሱ በዳንቴ ጃኮዛ የተነደፈችው ከጦርነቱ ጉዳት እያገገመ ለነበረው የኢጣልያ ቤተሰብ ታስባ ነው። ሞተሯ ከኋላ ተቀምጦ ይዘቱ 633 ሲሲ ብቻ ሆኖ ሳለ አራት ሰው ትይዛለች። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች። ነገር ግን ከተማው ለእርሷ ቀላል አልነበረም። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ የሴቼንቶ ራዲያተር ደግሞ ከሞተሩ ጎን፣ ከኋላ፣ የተወሸቀ ነው። ተሳፋሪ ሞልታ ከለገሀር ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት ስትያያዘው ውሃዋ ቢፈላ የሚያስገርም አልነበረም። በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልስዋገን ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ሞተሩም በአራት ብሎን ብቻ የተያዘ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊያወርዱት ይችላሉ። ባለ ቮልስ በባለ ሴቼንቶ ላይ የሚኩራራበት ምክንያት ይህ ነበር።

ያገለገለ መኪና መግዛት የራሱ ሥርዓት ያለው ድርጊት ነበር፤ ዛሬም ነው። ገዢው ብቻውን አይሄድም። የሚያምነውን መካኒክ ለምኖ፣ ወይም የቀን ሒሳቡን ችሎ ይዞት ይሄዳል። ብልህ መካኒክ ማለዳ፣ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ሳይጠብቅ መድረስን ይመርጣል፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ይሸሽጋልና። ሲነሣ ጭሱን ያያል። ሰማያዊ ጭስ የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ስለሆነ ጓርኒሲዮኑ ያጠራጥራል። ቀጥሎ የዘይቱን መክደኛ ከፍቶ ያሸታል፤ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ነገሩ ያበቃል። ወፍራም ዘይት ተሞልቶ የተደበቀ የሞተር ድምፅ፣ ጩኸቱ እንዳይሰማ በካምቢዮው ውስጥ የተጨመረ ሰጋቱራ፣ ወደ ኋላ የተመለሰ የኪሎሜትር ቆጣሪ፤ እነዚህ የሻጭ ዘዴዎች በየአገሩ የታወቁ ናቸው። ላሜራውን የሚመረምር ሰው ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይይዛል፤ ማግኔት ብረት ላይ እንጂ በቀለም የተሸፈነ ስቱኮ ላይ አይለጠፍም። በመጨረሻም የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ይስተያያል። ይህን የዘለለ ሰው መኪና ሳይሆን ክርክር ገዝቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ከምርመራው በኋላ መካኒኩ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሻጩ ፊት ማጣጣል ነውር፣ ማመስገን ደግሞ ዋጋ መጨመር ስለሆነ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይግባባል። ደላላው በመካከል ሆኖ ሁለቱንም ወገን ያባብላል፤ የእርሱ ድርሻ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ከፍ እንደሚል ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ግን ይሰማዋል። ከዚያ ቀብድ፣ ውል፣ የስም ዝውውር ይከተላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ለደመወዝተኛና ለሾፌር ባንክ በሩን አልከፈተም። የከፈተለት ዕቁብ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው የአንድ ዓመት ቁጠባውን በአንድ ቀን ተቀብሎ መኪናውን ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ክፍያ መኪናዋ ራሷ ሠርታ እንድትከፍል ይጠበቅባታል። ስለሆነም ታክሲ የሆነች አሮጌ ሴቼንቶ የቆመችበት ቀን ሁሉ ዕዳ ነው። የዚህ አኗኗር ስስነት ለአገር የታየው በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. ነው። የዓለም የነዳጅ ቀውስ ያስከተለው የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ሲታወጅ፣ ታሪፋቸውን ከፍ ለማድረግ ያልተፈቀደላቸው የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ከየካቲት 11 ቀን ጀምሮ ሥራ አቆሙ። መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ሰሞን አድማ ላይ ነበሩ። መንግሥት ከቀናት በኋላ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስ ቢያደርግም ነገሩ ከዚያ አልፎ ሄዷል። ስለ 1966ቱ አብዮት የሚጽፉ ሰዎች ተማሪውንና ወታደሩን አስቀድመው ባለታክሲውን በአንድ ሐረግ ያልፉታል፤ በሊትር ቤንዚን ላይ የተጨመረች ሳንቲም የማን ማዕድ ላይ እንዳረፈች መጠየቅ ግን ተገቢ ነበር።

አብዮቱ ካመጣቸው መኪናዎች መካከል በከተማው ስሟን የተከለችው ላዳ ነች። በዚህ ላይ አንድ የታሪክ ቀልድ አለ። ላዳ የሶቪየት ኅብረት ሥራ ትሁን እንጂ የተወለደችው ከፊያት 124 ነው። ፋብሪካው ከፊያት ጋር በተደረገ ስምምነት በቮልጋ ወንዝ ዳር የተሠራ ሲሆን፣ ከተማው የተሰየመው በኢጣልያዊው ኮሙኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሶቪየቶቹ ለመጥፎ መንገድ እንድትስማማ ላሜራዋን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላ ፍሬኗን ለወጡ። ከሞስኮ ወዳጅነት ጋር ከመጣችው መኪና ኮፈን ሥር የአዲስ አበባው መካኒክ ያገኘው የቱሪንን የእጅ ሥራ ነበር። ላዳ ለታክሲነት እስከዚህ ድረስ ተስማምታ ቀረችና፣ የመኪናው ዓይነት ሌላ ሆኖ ሳለ እንኳ ተሳፋሪው ትንሿን ታክሲ ላዳ ብሎ መጥራቱን አልተወም።

እነዚህ መኪናዎች በተሠሩበት አገር ብረት ለቃሚ ከወሰዳቸው ከብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ መታየታቸው የጥጋብ ወይም የድህነት ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአውሮፓ በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ላሜራውን በልቶ መኪናን ይገድላል። ከባሕር በራቀው ደጋ ግን ጨው የለም፤ ዝገት በዝግታ ይሄዳል። እዚህ መኪናን የሚያደክሙት አቧራ፣ ጉድጓድና ዳገት ናቸው፤ እነርሱ የሚጎዱት ባሌስትራን፣ ኩሽኔታንና ፋሻን ስለሆነ ሁሉም ይለወጣሉ። አካሉ ሲቆይ ውስጡ በየጊዜው ይታደሳል። ለዚህም መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ አለ። ከፈረሰ መኪና የወጣ ቴስታታ፣ በር፣ የፊት መብራት፣ ለማንም የማይጠቅም የሚመስል ብሎን ሳይቀር ይገኝበታል። ሌሊት ከቆመ መኪና ላይ የተነቀለ ስፖኪዮ በማግስቱ ባለቤቱ ራሱ መልሶ ይገዛዋል የሚባለውም በዚሁ ሰፈር ነው፤ ርካሹን ዕቃ ያረከሰው ምን እንደሆነ ገዢው ሁልጊዜ አይጠይቅም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ንግዱ ሲከፈት የቶዮታ ዘመን መጣ። ዲኤክስ የሚባለው ኮሮላ፣ ቆይቶም ትንሿ ቪትዝ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከሌላም ስፍራ ያገለገሉ ሆነው ገቡ። ከጃፓን ከነቀኝ መሪያቸው ወጥተው መሪያቸው በዱባይ ወደ ግራ የዞረላቸውም ስላሉ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር አጎንብሶ ማየት በመካኒኩ ምርመራ ላይ ተጨመረ። ገዢው ግን አንድ እንግዳ ነገር ገጠመው። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ በኢትዮጵያ ግን የብሩ ዋጋ እየወረደ፣ ቀረጡም እየከበደ በመሄዱ፣ ለዓመታት የተነዳች መኪና ከተገዛችበት በላይ ትሸጥ ጀመር። መኪና ከመጓጓዣነት ሌላ የገንዘብ ማስቀመጫ ሆነች፤ ማስቀመጫ የሚፈልግ ባለገንዘብና መጓጓዣ የሚፈልግ አስተማሪ በአንድ አሮጌ ቪትዝ ላይ ይጫረቱ ጀመር። በዚህ ጨረታ ማን እንደሚሸነፍ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከአዲሱ ይልቅ እጅግ የከበደ ታክስ ጣለ። ዓላማው የአየር ብክለትንና አደጋን መቀነስ ነው ተብሏል፤ ይህም ምክንያት የሌለው አይደለም። ሸክሙ ያረፈው ግን አዲስ የመግዛት አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ከዚያ በፊት የገቡት የቤንዚን መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ይቆያሉ፤ ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት የሚያገኙትም ብዙዎች ናቸው። የኤሌክትሪኩ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ፍሪሲዮንም፣ የሚያጨስ ቧንቧም የለውም። ማለዳ ደርሶ ጭስ ለማየት የሚጣደፍ መካኒክ ከእርሱ የሚሰማው ድምፅ፣ የሚያሸተው ዘይት አያገኝም። ባትሪው ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው የሚታወቀው በኮምፒዩተር ተለክቶ ነው፤ ባትሪው መለወጥ ካለበትም ዋጋው የዕቁብ ዕጣን ያስንቃል። ጎማው፣ ፍሬኑና ቸርኬው ግን ከነስማቸው አሉ፤ ወጣቱ መካኒክም አዲሱን መኪና በክሪክ አንሥቶ መመርመር የሚጀምረው ከእነርሱ ነው።