መሰላል ጠባቂው

ገበሬ ማማ ላይ ሆኖ ማሽላውን ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ያየ ሰው የከፍታ ጥቅም ይገባዋል። አዳኞችም ያውቁታል። ጂም ኮርቤት ሕንድ ውስጥ 125 ሰው በልቷል የተባለውን የሩድራፕራያግ ነብር እ.ኤ.አ. በ1926 የገደለው፣ ማንጎ ዛፍ ላይ አድፍጦ ነው።

ግን ዛፍ ላይ የሚያድር ሰው ስጋቱ ብዙ ነው። እንቅልፍ ሸለብ ካደረገው ይወድቃል። መወጣጫው ከከዳው ይሰበራል። ደግሞ እሱ የወጣበትን ሌላም ይወጣበታል፤ ነብር ዛፍ እንደሚወጣ ለኮርቤት የሚነግረው አያስፈልግም።

ይኸው ሰው በ76 ዓመቱ ኬንያ ውስጥ ሌላ አደራ ወደቀበት። ኒዬሪ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1932 ሾላ ዛፍ ላይ የተሠራ ትሪቶፕስ የሚባል ማረፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1952 ልዕልት ኤልሳቤጥ አውሬ ለማየት እዚያ ወጡ። እሳቸው ሲተኙ ሽማግሌው ጠመንጃውን ታቅፎ መሰላሉ አናት ላይ ቁጭ ብሎ አነጋ። ሌሊቱ በሰላም አለፈ። እንግሊዝ አገር ግን አባታቸው ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ዐርፈዋል። ልዕልቲቱ ከዛፉ ሲወርዱ ንግሥት ነበሩ፤ ገና አልሰሙም እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ማረፊያው ጋየ። ያቃጠሉት፣ መሬታችን ተወሰደ ብለው ጫካ የገቡት የማው ማው ተዋጊዎች ናቸው።

በሽማግሌው አልፈርድም፤ መሰላሉን በሚገባ ጠብቋል። ማማውን ያሠራው ሥርዓት ግን ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት፣ ዝሆኑም አውራሪሱም ታየው፤ ባለመሬቱ ብቻ አልታየውም።