የታኅሣሥ 1962ቱ ሰው እኔ አይደለሁም

ባለፈው የመገናኛ በዓል መጽሐፋችን ላይ ከአንድ አሮጌ ፎቶ ሥር ስለ እኔ ሁለት መስመር ተጽፎ አንብቤአለሁ። የጥላሁን ግዛውን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እንደነበርኩና ወታደር ፊት እንደቆምኩ ይናገራል። ልጆቼ ደስ ብሏቸው ገጹን ፎቶ አንስተው ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ልከውታል። ነገሩ ግን እውነት አይደለም። ያን ቀን እኔ አዲስ አበባ ውስጥም አልነበርኩም።

ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተምሬ ስለ ራሴ የተጻፈ ስሕተት ባልፍ አያምርብኝም። ስለዚህ ከሥሩ ልናገረው።

አብዛኞቻችሁ ታኅሣሥ 1962ን ታውቁታላችሁ፤ ለወጣቶቹ አባላት ባጭሩ ላስታውስ። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን ማታ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ተማሪው አስከሬኑን ስድስት ኪሎ ግቢ አምጥቶ ተሰበሰበ። የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ፤ የሞተው ሞተ፣ የቆሰለው ቆሰለ፣ ብዙው ታሰረ። ከዚያ ወዲህ «እዚያ ነበርክ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ዘመን ሰዎች እንደ መታወቂያ ወረቀት ሆነ።

እኔ የት ነበርኩ? ጎሬ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው የሚሄደው ለማስተማር ነው። እኛ በ1959 የገባነው ተራችን የደረሰው 1962 ላይ ነው። የምደባ ደብዳቤዬ እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። የስድስት ኪሎውን ወሬ የሰማሁት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው፤ በጅማ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ሻይ ቤት ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ስለ ግብፅ ፈርዖኖች አስተማርኩ። የእኔ ታኅሣሥ 1962 ይኸው ነው።

ፎቶው ላይ ከጎኔ የቆመውን ረዥሙን ልጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከእኔ አንድ ዓመት ዘግይቶ የገባ የዶርም ጓደኛዬ ነው። ስማችን አንድ ነበር፤ የሚለየን የአባት ስም ብቻ ነው። ከፎቶው ጀርባ የተጻፈው ግን አንድ ስም ብቻ ነው። አስከሬኑን ከያዙት መካከል የነበረው እሱ ነው። ከአገልግሎት ስመለስ ራሱ አጫውቶኛል፤ ያውም እየሳቀ፦ «አንድ ጫማዬን እዚያው ጥዬ በአንድ እግሬ ነው አፍንጮ በር የደረስኩት።» ስለ ጀግንነት አንዲት ቃል አልተናገረም። ሲቆጨው የነበረው ጫማው አዲስ መሆኑ ነው። በ1969 ዓ.ም. አንድ ማታ ከቤቱ ተወሰደ፤ አልተመለሰም።

ስሕተቱ የመጣው ከክፋት አይደለም። ስለዚያ ዘመን የሚተርክ ሰው አንድ ነገር ይረሳል፦ በየዓመቱ አንድ ሙሉ ባች ካምፓስ ውስጥ አልነበረም፤ በየአውራጃው ተበትኖ ጠመኔ ይዞ ነበር። ትዝታ ግን ሁላችንንም ሰብስቦ ስድስት ኪሎ በር ላይ ያቆመናል። ከዚያ 1966 መጣ፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ፣ ቀይ ሽብር መጣ፣ ስደት መጣ። «የለም፣ እሱ ሳይሆን ያኛው ነው» ብለው የሚያርሙት ሰዎች አለቁ። ስሙ ቀረ፤ ስሙን ይዞ የተረፈው ደግሞ እኔ ሆንኩ።

አሁን ወደሚያሳፍረው ልምጣ። ይህን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት ባለፈው ዓመት አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ የክፍላችን ልጅ ሰርግ ቤት ውስጥ ሲያወራልኝ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛ ጊዜ ሌላው ሲያነሣው ዝም አልኩ። ሰው ሲያከብርህ ማቋረጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። በሦስተኛው ግን የባሰ ነገር መጣ። ለልጅ ልጄ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሳጫውተው «ጫማ የጠፋበት ጓደኛ ነበረኝ» ልል ብዬ «ጫማዬ ጠፋ» አልኩት። አልዋሸሁም እኮ! አፌ ላይ የመጣው እንደዚያ ነው። ግርግሩን፣ አቧራውን፣ በባዶ እግር ድንጋይ ላይ መሮጡን ሁሉ አየዋለሁ። ያላየሁትን አየዋለሁ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሳጥኑን ከፍቼ ደብዳቤውን ያወጣሁትም ያን ጊዜ ነው።

የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ ለመሰነድ የቀድሞ ታጋዮች በአንድነት ተቀምጠው ተወያይተው ነበር፤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ያዘጋጁት የቃል ታሪክ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። እኔን የማረከኝ አብሮ መቀመጡ ነው። ብቻውን የሚያስታውስ ሰው የሚያርመው የለውም።

እኔንም ያረመችኝ አንዲት የክፍላችን ልጅ ናት። ባለፈው በዓል ቡና ላይ ተገናኘንና ያን ገጽ አሳየኋት፤ «ይኸውልሽ፣ በስሕተት ጀግና አደረጉኝ» ብዬ ልቀልድ። አልሳቀችም። «እኔ አንተን የማስታውስህ በሌላ ነው» አለችኝ።

መጋቢት 1960 ነው። ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ተማሪው «የባህል ወረራ ነው» ብሎ ተነሣ። ነገሩ ወደ ሁከት ሄደ፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። በታሪክ መጻሕፍት እንደ አንድ የትግል ምዕራፍ ይጠቀሳል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ስተርክ የኖርኩት እንደዚያው ነው። ትርኢቱን ለማየት መጥተው በበሩ ላይ የተሰደቡት፣ የተገፈተሩት ሴት ተማሪዎች ምን እንደተሰማቸው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። «አንተ ደረጃው ላይ ቆመህ ‹የፈረንጅ አሻንጉሊት› ብለኸኛል» አለችኝ። «የምበደርህ ማስታወሻ ደብተር እጄ ላይ ነበር።»

አላስታውስም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላስታውስም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብላ ስኒዋን አስቀመጠች።

ልከራከራት እችል ነበር። ስም የሚያሳስት ትዝታ ፊትንም ያሳስታል፤ የእሷም ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል። ግን ያን ቀን ካምፓስ ነበርኩ፤ ከሚጮኹት ጋር ነበርኩ፤ ደብተሬንም ታዋሰኝ ነበር። የሚያስመሰግነውን በስሕተት ሲሰጡኝ ለዓመታት ዝም ያልኩ ሰው፣ የሚያሳፍረው ሲመጣ «ማስረጃ አምጪ» የምል ከሆነ ምን ዓይነት የታሪክ መምህር ነኝ? ይቅርታ ጠየቅኳት። «አሁን ምን ይጠቅመኛል» አለች፤ ቡናዋን ግን ጨረሰች።

እንግዲህ የመጽሐፉን አዘጋጆች የምለምነው ይህን ነው። እነዚያን ሁለት መስመሮች ከእኔ ሥር አንሡና ከረዥሙ ልጅ ሥር አድርጉልኝ። እኅቱ በሕይወት አለች፤ ያ ፎቶ የእሷም ነው፤ ጫማውንም የምታስታውስ እሷ ትሆናለች። ከእኔ ሥር «1962፣ ጎሬ፣ አስተማሪ» ብላችሁ ጻፉ። ስለ መጋቢት 1960 እዚህ እንድጽፍ ባለቤቷን ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ስሜን ካላወጣህ ይሁን አለችኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል ደግሞ አስቆመችኝና፣ «የለበስኩት ሰማያዊ ቀሚስ ነበር፤ አጭርም አልነበረም፤ እሱንም ጨምርበት» አለች።