ከውርጌሳ በላይ ያለው ተራራ

ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ውርጌሳን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ቀጥሎ መርሳ አለ፤ ሾፌሩ ይቸኩላል፤ ተራራው ወደ ኋላ ይቀራል። ከመኪና ወርዶ በስተምዕራብ ያለውን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው ግን የሀብሩ ወረዳ ሌላ ገጽታ ይገጥመዋል። ከታች የማሽላና የጤፍ ማሳ ነው። ከፍ ሲል በድንጋይ ካብ የተደገፈ እርከን ይመጣል፤ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ። ከዚያ ክትክታና አጋም የወረሱት ቁጥቋጦ፣ ባሕር ዛፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በመቃብር ቦታ ዙሪያ ደግሞ ወይራና ጥድ። ዞር ብሎ ወደ ምሥራቅ ካየ ምድሩ እየተንደረደረ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል።

ይህን ዳገት ያየ ብዙ ሰው አንድ የተለመደ ታሪክ ይዞ ይመለሳል፦ ድሮ ሁሉም ደን ነበር፣ ገበሬው በምሳርና በሞፈር ጨረሰው። ትምህርት ቤትም የተማርነው ይህንኑ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ የአገሪቱ መሬት በደን የተሸፈነ እንደነበር ስንት ጊዜ ሰምተናል! የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን ቁጥር ምንጭ ሲፈልግ አስተማማኝ መሠረት አላገኘለትም። የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያን ገጠር ታሪክ አስቀድሞ በመጽሐፍ ያጠና ሰው ስለሆነ ቃሉ ወሎንም ይመለከታል።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የማምነው ጭቃውን ነው። ከሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ካሉት ሐይቆች ሥር የወጣ ደለል በውስጡ የያዘው የአበባ ብናኝና የከሰል ቅንጣት ተቆጥሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። አጥኚዎቹ ዳርቢሻየር፣ ላምብ እና የእኛው መሐመድ ዑመር ናቸው። ደለሉ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ይናገራል። የዝግባና የጥድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ነው፤ ከአክሱም ዘመንም በፊት ማለት ነው። ከዚያ ለ1,800 ዓመታት ያህል አገሩን የያዘው ክትክታና ሣር ነበር። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ግን ጥድና ወይራ ተመልሰው መጡ። ምክንያቱ የሰው መመናመን ሊሆን ይችላል፣ የዝናብ መጨመርም ሊሆን ይችላል። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት እንደገና ምንጣሮው በረታ፣ አፈሩም ወደ ሐይቁ መጉረፍ ጀመረ።

እንግዲህ ደኑ አንድ ጊዜ ነበርና አንድ ጊዜ ጠፋ የሚባል ነገር የለም። ሄዷል፣ መጥቷል፣ ደግሞ ሄዷል። ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ አቅጣጫ ሲጓዝ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ከነብርቱካንና ሎሚው ዛፍ ሲገልጽ፣ በደለሉ ምስክርነት ደን እያገገመ ባለበት ዘመን ነበር የሚራመደው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ሌላ ምስክር አለ፤ ፎቶግራፍ። አርማንዶ ማውጊኒ የተባለ ጣሊያናዊ የግብርና ባለሙያ በ1937 እ.ኤ.አ. ወሎን ፎቶ አንሥቶ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልጎ፣ ካሜራውን እዚያው አቁሞ፣ እንደገና አነሣቸው። በአዲሶቹ ፎቶዎች ላይ ከድሮው የበለጠ ዛፍ ታየ። የጽሑፉ ርእስ ራሱ ጥያቄ ነው፤ የወሎ ደን መመናመን እውነት ነው ወይስ የዓይን ስሕተት? ጭማሪው በአብዛኛው ገበሬው በጓሮውና በማሳው ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጥድ አይደለም። ቢሆንም የተከለው ያ አጥፊ የተባለው ገበሬ ነው። የክራሚ ጽሑፍ በታተመበት በ1998 እ.ኤ.አ. የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ የወሎን ደንና አያያዙን በታሪክ ዓይን መርምሮ አሳትሟል፤ ጉዳዩን በጥልቀት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብብ።

አሁን ወደ ካቡ እንመለስ። በእነዚህ ዳገቶች ላይ ዛሬ የምናየው እርከን በብዛት የተሠራው ከ1966ቱ ረሃብ ወዲህ ነው። ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ሕዝቡን አወጡ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉን አመጣ። የቀን ሥራው ዋጋ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። በ1977 ድርቅ ወሎን ሲፈጅ ብዙ ካብ የተካበው በተራበ ጉልበት ነው። ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶ ጎርፉ የሚወስደው አፈር መለካት ጀመረ። ሥራውን የመራው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ለአገሪቱ ደጋማ የእርሻ መሬት ያወጣው ግምት በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ነው፤ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የአፈር ንጣፍ። አንድ ገበሬ በዕድሜው አርባ ክረምት ቢያርስ ከእግሩ ሥር ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚያንስ አፈር ሄደ ማለት ነው።

ካብ ሲሠራ መሠረቱ ይቆፈራል፣ ትልቁ ድንጋይ ከሥር ይገባል፣ መስመሩ ዳገቱን አግድም ይከተላል። ውሃው ሲደርስበት ይዘገያል፣ የተሸከመውንም አፈር ያራግፋል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ከካቡ ጀርባ መሬቱ እየተደላደለ ይሄዳል፤ ቁልቁለት የነበረው መደብ ይሆናል። ገበሬው ግን ቅሬታ አለው፣ ቅሬታውም እውነት ነው። ካቡ ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፤ በድንጋዩ መሐል አይጥ ይራባል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል። ከሁሉ የከፋው ከላይ ያለው ተራራ ሲራቆት ነው። ያኔ ጎርፉ በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ የላይኛውን ካብ ይንደዋል፣ የዚያ ፍርስራሽ ደግሞ የታችኛውን ይዞ ይወርዳል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ፊሊፒንስ ውስጥ በኢፉጋዎ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ በተመዘገበው የሩዝ እርከናቸው ራስ ላይ ቤተሰቦች «ሙዮንግ» የሚሉትን ደን ይጠብቃሉ፤ ውሃው ከዚያ ነው የሚመጣው፣ ማገዶውም፣ የቤት እንጨቱም። ደኑ ባለቤት አለው። እኛ ሩዝ የምናመርተው በአብዛኛው እንደ ፎገራ ባለ ሜዳ ስለሆነ እርከናችን የጤፍና የማሽላ ነው፤ ውሃ የሚያቁር ሳይሆን አፈር የሚይዝ። የላይኛው ደን ነገር ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

የወሎን ተራራ የጎዳው የባለቤት ማጣት ነው ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው። በደርግ ዘመን ኮረብታው ሲከለል፣ ችግኝ ሲተከል፣ ሕዝቡ ጉልበቱን ሰጠ እንጂ ዛፉ የማን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ከብቱ ከግጦሹ ታገደ፤ ቅጠልና ጭራሮ የለቀመ ተቀጣ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው የተከለለ ደን በአጭር ጊዜ ተጨፈጨፈ። ያን ጊዜ የሆነውን በገበሬው ድንቁርና የሚያሳብብ ሰው ነገሩ አልገባውም። እዚያው መንደር የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ዛፍ ቆሞ ነበርና! ያንን ማንም አልነካውም፤ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ በሴፍቲኔት ፕሮግራምና በየዓመቱ የጥርና የካቲት የተፋሰስ ዘመቻ እንደገና ተካበ፣ እንደገና ተተከለ። የላይኛው ክፍል ተከልሎ ሣሩ በአጨዳ ብቻ ሲወሰድ ቁጥቋጦው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ ያየ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መንገድ አለፈ፤ ሕዝቡም ዳገቱም የዚያን ዋጋ ከፍለዋል።

በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ መቄት ላይ፣ ከመቋት ማርያም ጀምሮ ገበሬዎች በማኅበር የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ተቋቁመዋል። ተጓዡ ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ አህያ ጓዙን ትይዝለታለች፣ ገንዘቡ ለማኅበረሰቡ ይገባል። ከውርጌሳ በላይም ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የተራራው ገቢ ተራራውን ለሚጠብቀው ከደረሰ የተከለለው ዳገት ባለቤት ያገኛል። ጥሩው ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አባርቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ማሽላው ራሱን ይዞ፣ ልጆች ከማማ ላይ ወንጭፍ እያጮኹ ወፍ ሲያባርሩ። የሚሄድ ሰው ማሳ ላይ ያጎነበሰውን ገበሬ «በርቱ!» ይበል፤ «ያበርታዎ» ይባላል። በካቡም ላይ አይራመድ። ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ የሚያዘው በራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ አንዱ ከተነሣ የሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው።