ዋስ የነበረው ትዳር

በደጋው የአማራ አገር ለብዙ ዘመን ትዳር የሚመሠረትባቸው መንገዶች ሦስት ነበሩ፤ ቁርባን፣ ሰማንያና ደሞዝ። ቁርባን በቤተ ክርስቲያን የሚታሰርና የማይፈታ ቃል ኪዳን በመሆኑ ከካህናትና ዕድሜያቸው ከገፋ ባልና ሚስት በቀር ብዙ ሰው አይደፍረውም ነበር። ደሞዝ ነጋዴና መንገደኛ በክፍያ ተዋውሎ ለጊዜው የሚገባበት ነበር። ገበሬው በአብዛኛው የሚጋባው በሰማንያ ነበር።

ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እኔ ባደግሁበት መንደር፣ ወንድ አያቴ ተፈላጊ የትዳር ዋስ ነበሩ። የሰማንያ ውል በሽማግሌ ፊት ይፈጸም ነበር። ሙሽራው በንጉሥ ስም ይምላል፤ ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራ ነበር። ለጎጆ መውጫ አንዱ ቤት ከብት ቢሰጥ ሌላው አቻውን ያመጣ ነበር።

የዋስ ሥራ ከሰርጉ በኋላ ነበር የሚበዛው። ባል ቢማታ፣ ሀብት ቢያባክን ሚስት ወደ ዋሷ ትሄድ ነበር። አያቴ የባልና ሚስቱ ቤት ገብተው መደቡ ላይ ሲቀመጡ ጠላ ቢቀዳላቸውም የሁለቱን ቃል ሳይሰሙ አይቀምሱም ነበር። እርቅ ካልተገኘ አብረው ያፈሩት ንብረት እንዲካፈል ያደርጉ ነበር። ሴት ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት ስለምትወርስ ከትዳር ብትወጣም መሬት አልባ አትሆንም ነበር። ልጆቿም በሁለቱም ወገን ዘር ቆጥረው ርስት ይጠይቁ ነበር። ቤተሰብ መንደሩን ያቆመው በዚህ ተጠያቂነት ነው።

ጥፋቱንም መሸፈን አልፈልግም። ሴት አያቴ የታጩት የወተት ጥርሳቸው ሳይወልቅ ነው። ዋሶች ሲጠሩ፣ ከብት ሲቆጠር፣ እሳቸውን ግን «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ያላቸው አልነበረም። ያ መሐላ የተማለው በሕፃን ሕይወት ላይ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴትን የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንድን 18 አደረገ። ባልን የቤተሰብ ራስ አለው፤ የባልና ሚስትን ክርክርም ለሽማግሌዎች ሰጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ቤተሰብን የኅብረተሰብ መሠረት ብሎ ጥበቃ እንዲደረግለት ደነገገ፤ ለባልና ለሚስትም እኩል መብት ሰጠ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አድርጎ የባልን የበላይነት ሻረ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንም ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት አዛወረ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ከሕገ መንግሥቱ ወዲህ የመጣው ይህ ለውጥ ሴት አያቴ ያላገኙት ፍትሕ ነው፤ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ።

ሆኖም ከክፉው ጋር ደጉንም ጥለናል። ዛሬ የጋብቻ ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ በኋላ የሙሽሮቹን ቤት ደጅ አይረግጡም። ባልና ሚስት ሲጋጩ የሚደርስላቸው ጠፍቶ ነገሩ ከረረ ሲባል ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። ፍርድ ቤት ንብረት ያካፍላል፣ የልጅ አሳዳጊ ይወስናል፤ ጠብ ገና ሲጀምር ግን መደብ ላይ ተቀምጦ አያዳምጥም። የቤተሰብ ሕጉ እንኳ ባልና ሚስት ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ በር ክፍት ትቷል።

ስለዚህ ለጋብቻ ምስክርነት የምትፈርሙ ሁሉ፣ ፊርማችሁን እንደ ዋስነት ቁጠሩት። ዓመት ሳይሞላ ሄዳችሁ ጎብኟቸው፤ ባልንም ሚስትንም ለየብቻ ጠይቁ፤ ጥፋት ካያችሁ ሳትፈሩ ተናገሩ።