ርቀት የማይጠይቀው መሣሪያ

ሾላ ገበያ ውስጥ ሚዛኑ የቱንም ያህል ቢስተካከል፣ በአንዱ ሳህን የተቀመጠው ድንጋይ ከጎደለ ኪሎውም ይጎድላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጦር መርከቦች ላይ ይተከል የነበረው የቶርፔዶ ማነጣጠሪያም ዕጣው ይኸው ነበር። ለዓይን ተራ ነገር ነው፤ ልኬት የተቀረጸባቸው የብረት ዘንጎች ተጋጥመው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። አንዱ ዘንግ የቶርፔዶውን ፍጥነት፣ ሌላው የጠላት መርከብን ፍጥነትና አቅጣጫ ይይዛል፤ ሦስተኛው መኮንኑ የሚያይበት መስመር ነው። ጠላት መስመሩ ላይ ሲደርስ ይተኮሳል። የሚያስደንቀው ስሌቱ ርቀትን አለመጠየቁ ነው። ቶርፔዶውም የጠላት መርከብም ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን እስካልቀየሩ ድረስ ማዕዘኑ በ500 ሜትርም በ2000 ሜትርም አንድ ነው።

ጎዶሎው ድንጋይ ታዲያ የጠላት ፍጥነትና አቅጣጫ ነው፤ ሁለቱንም የሚገምተው የሰው ዓይን ነበርና። 40 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) የሚሄድ ቶርፔዶ 1000 ሜትር ለመጓዝ 49 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጠላት 20 ኖት እየሄደ 15 ብሎ የገመተ መኮንን፣ ቶርፔዶው የመርከቡን መንገድ በቀጥታ ሲያቋርጥ ከመርከቡ መሐል 125 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይስታል። 137 ሜትር ለምትረዝም መርከብ ይህ ሙሉ በሙሉ መሳት ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ግን ስህተቱም ወደ 62 ሜትር ይወርድና ቶርፔዶው የኋላ ጫፏን ያገኛታል። መሣሪያው ርቀትን ባይጠይቅም ስህተቱ ይጠይቃል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኖርማን ዊልኪንሰን በ1917 እ.ኤ.አ. መርከቦች በተቆራረጡ ቀለማት እንዲቀቡ ያደረገው ሁሉም ነገር በዓይን ግምት ላይ መቆሙን ተረድቶ ነው፤ ሐሳቡ መርከቧን መደበቅ ሳይሆን አቅጣጫዋን ማሳሳት ነበር።

ኋላ የመጡት ማስሊያ መኪናዎች ችግሩን ፈትተውታል የሚል ይኖራል። ፈጥነው ማስላታቸው እውነት ነው፤ የሚቀበሉት ግን ያንኑ ግምት ነው። ብዙ ቶርፔዶዎችን በማራገቢያ ቅርጽ በትኖ መተኮስም ግምቱ እንደሚሳሳት ከማመን የመጣ ዘዴ ነው።

መጠጋት ስህተቱን እንደሚያሳንስ ቅርባችን ያለው ምስክር ምጽዋ ነው። ማስ የተባሉት ትንንሽ የጣሊያን ቶርፔዶ ተኳሽ ጀልባዎች ስልት በጨለማ ተጠግቶ መተኮስ ነበር። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያ፣ አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ በወጣችበት ሳምንት፣ ከእነዚህ አንዷ የሆነችው አሮጌዋ ማስ 213 ከምጽዋ ማዶ ኬፕታውን የተባለችውን የእንግሊዝ ክሩዘር መታች። ኬፕታውን አልሰመጠችም፤ ተጎትታ ፖርት ሱዳን ገባች።