የራስ መኰንን ሁለት ፊርማዎች

በ1928 ዓ. ም. መባቻ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ስለ ኢጣልያ ዛቻ ለዓለም ሲናገሩ፥ የጠቡ ጅማሬ የ46 ዓመት ዕድሜ ነበረው። በዚያ ጅማሬ የገዛ አባታቸው ስም ይገኛል።

ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፥ የዳግማዊ ምኒልክም የአክስት ልጅ ነበሩ። ሐረር በ1879 ዓ. ም. ከተያዘች በኋላ ገዥነቱ ተሰጣቸው። የውጭው ነጋዴና መልክተኛ በዚያ በር ይገባ ስለ ነበረ፥ ሹመቱ የመንግሥታትን ጠባይ አስተማራቸው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩት መኰንን ወደ ኢጣልያ ተልከው፥ በመስከረም 1882 ዓ. ም. በናፖሊ ከክሪስፒ ጋር ተጨማሪ ውል ፈረሙ። የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ሆነ። ወሰኑ ግን በስም ሳይዘረዘር፥ ያን ጊዜ በተያዘው ይዞታ ይጽና ተባለ። በ10ኛው ቀን ክሪስፒ ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር መሆኗን ለመንግሥታት አስታወቀ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው።

የመኰንን መልስ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ. ም. በአምባ አላጌ ታየ። እርሳቸው ከመሩት ግንባር ቀደም ጦር ጋር የተጋጠመው የሻለቃ ቶዜሊ ሠራዊት ተደመሰሰ። ከዐድዋ ድል በኋላም፥ በጥቅምት 1889 ዓ. ም. የውጫሌ ውል ፈረሰ።

ይሁን እንጂ ራስ መኰንን ከብዕር አልሸሹም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከእንግሊዙ መልክተኛ ከሮድ ጋር በሐረር ስለ ሶማሌ ወሰን ሲዋዋሉ፥ መስመሩ በየቦታው ስም ተጻፈ፤ የሁለቱም ወገን ዘላኖች በግጦሽና በውሃ ጕድጓድ እንዲጠቀሙ ተወሰነ። የዘላኖቹ ፈቃድ ግን አልተጠየቀም፤ ቅሬታውም ለልጅ ልጅ ተረፈ።

ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ. ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በቁልቢ ታመው ዐረፉ። እናንተም ረቂቅ የምትመረምሩና የምትፈርሙ ሁሉ፥ ሁለቱን ፊርማዎች አስተያዩ። በናፖሊው ወረቀት ሳይጻፍ የቀረው የቦታ ስም የደም ዋጋ አስከፈለ፤ በሐረሩ ወረቀት ደግሞ ሳይጠየቅ የቀረው ሕዝብ ነው። ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ሁለቱንም መጠየቅ ይገባል።