የጥቁሩ አፈር ዜና መዋዕል

እስቲ ቀረብ በሉ፣ ወገኖቼ። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ የሚተርክላችሁ ብዙ ነው፤ እኔ የማወጋችሁ ስለ አፈር ነው። አፈሩ የሰባቱ አገው ምድር አፈር ነው፦ የአንከሻ፣ የባንጃ፣ የቋኩራ፣ የጫራ፣ የዚገም፣ የመተከልና የአዘና። የማወጋችሁም ከአዘና ሆኜ ነው።

በመጀመሪያ እሳት ነበር። ዛሬ የዘንገና እና የጥርባ ሐይቆች የሞሉት ጉድጓድ በእሳተ ገሞራ የተከፈተ ነው። ከምድር ሆድ የወጣው ቅላጭ ድንጋይ በረደ፣ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ዝናቡ ተቀበለው። የአገው ምድርን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ያ ሁሉ ውኃ በብዙ ሺህ ዓመታት ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ጠርጎ ወሰደው። በቀላሉ የማይታጠቡት ብረትና አሉሚኒየም ቀሩ። የአፈራችን ቅላት ከዚህ መጣ፤ ኮምጣጣነቱም ከዚሁ መጣ።

ኮምጣጣነት ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1909 ሶረን ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት ፒኤች የሚባለውን መለኪያ አበጀ። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አሲድ ነው። ታዲያ ቁጥሩ አንድ በወረደ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ፒኤች 5 የሆነ አፈር ፒኤች 7 ከሆነው መቶ እጥፍ አሲዳማ ነው ማለት ነው።

ደኑ ግን ይህን ችሎ በቀለ። ኮሶው፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ቀርከሃው ቆመ። የዛፉ ሥር ጠልቆ ዝናብ ያልወሰደውን ካልሲየም ከታች ይስባል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ መልሶ ከላይ ያስቀምጠዋል። ከረገፈው ቅጠል በታች ደግሞ ዓይን የማያያቸው ሠራተኞች አሉ። በአንዲት ቁንጥር አፈር ውስጥ ባክቴርያው በሚሊዮን፣ አልፎም በቢሊዮን ይቆጠራል፤ የፈንገሱ ክር በመካከሉ ይተበተባል። የወደቀውን ይበላሉ፤ ከበሉት ካርቦን ከፊሉን ተንፍሰው ወደ አየር ይመልሱታል፤ ከፊሉን አካላቸው ያደርጉታል። ሲሞቱ ሬሳቸው ከሸክላው ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ጫማችንን የሚያጠቁረው የደን አፈር ይህ ነው። በዓለም ሁሉ ያለው አፈር የያዘው ካርቦን በአየሩና በዕፀዋቱ ካለው ተደምሮ ይበልጣል።

እነዚህን ሠራተኞች የሚያዟቸው ሁለት ጌቶች አሉ፤ አንዱ ኮምጣጣነት ነው፣ ሌላው ሙቀት።

የኮምጣጣነት ነገር በእንግሊዝ አገር ሮትሃምስትድ በሚባል የምርምር ጣቢያ በአንድ ማሳ ላይ ታይቷል። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ፒኤቹ ከ8 በላይ ተነሥቶ እስከ 4 ይወርዳል። ተመራማሪዎች በዚያ መስመር ላይ ሲለኩ፣ አሲዱ እየበረታ ሲሄድ የባክቴርያው እድገት ወደ አምስት እጥፍ ያህል ቀነሰ፤ የፈንገሱ በአንጻሩ አምስት እጥፍ ያህል ጨመረ። ከ4.5 በታች ግን ሁለቱም ተዳከሙ። እንግዲህ አፈር ሲኮመጥጥ ሥራው ከባክቴርያ ወደ ፈንገስ እጅ ይሻገራል፤ ሲብስ ሁሉም ይደክማል፣ የወደቀውም ሳይበሰብስ ይከማቻል።

ሙቀቱን ደግሞ እናቶቻችን ያውቁታል፦ እንጅባራ ላይ የተቦካ ሊጥ ወደ አየሁ ወርዶ ከተቦካው ይልቅ ኩፍ ለማለት ይዘገያል። አፈርም እንዲሁ ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ የአፈር ሕይወት አተነፋፈስ በግርድፉ እጥፍ ይሆናል። ደጋው ጥቁር አፈሩን ያቆየው ቅዝቃዜው ስለ ጠበቀለት ነው።

ከዚያ ሰው መጣ፤ መጥረቢያና ሞፈር ይዞ። መብላት ነበረበትና አልፈርድበትም። ደኑ ሲመነጠር ጥላው ተነሣ፣ ፀሐይ አፈሩን መታችው፣ ማረሻው ገለበጠው። ለዘመናት ተሸሽጎ የነበረው ካርቦን ለሠራተኞቹ ተገለጠላቸው፤ በልተው ተነፈሱት። አዝመራው በየዓመቱ ካልሲየሙን ይዞ ከማሳው ወጣ፤ ከታች ስቦ የሚመልስ ዛፍ አልነበረም። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ሟሟ፤ የገብሱን ሥር አሳጠረው፤ ፎስፈረሱም ታሰረ። ዛሬ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የአሲድ ችግር እንዳለበት ይነገራል፤ የእኛ ደጋም ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነው።

በዚህ መሬት ላይ ግብጦ ጸንቶ ይቆማል። ከሥሩ በሚያመነጨው አሲድ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል፣ ከባክቴርያ ጋር ተባብሮም ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛል። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ደግሞ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅሉታል፤ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ቆርጠው ያከስሉታል። እርሱም ናይትሮጅን ይይዛል፤ የከሰለበት ቦታ አመድም አሲዱን ያለዝባል። ነገር ግን ግንዱ ከሰል ሆኖ በመኪና ሲሄድ ካልሲየሙም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቅጠሉና አመዱ እዚያው ማሳው ላይ ይቅር፣ ይበተን እላለሁ።

ለተራበው ማሳ ትልቁ መድኃኒት ኖራ ነው፤ ደጀን ላይ ድንጋዩ እየተፈጨ ይዘጋጃል። አፈሩ ተመርምሮ በልኩ ሲጨመር አሲዱ ይበርዳል፣ አሉሚኒየሙ ይታሰራል፣ ገብሱ ይነሣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ መጣሁ። ማሳዬ ኮመጠጠ ብሎ የቀረችውን ደን መመንጠር የሚያምረው ሰው አለ፤ አፈሯ ጥቁር ነዋ! ያ ጥቁረት ግን የሚቆየው ጥላውና ቅዝቃዜው እስካለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ አፈሮች ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፒኤቹ ከ6.2 ገደማ በታች የሆነ አፈር ለእርሻ ሲባል አሲዱ ሲቀነስለት ታስረው የነበሩት ሠራተኞች ይፈታሉ፤ ካርቦኑም ይባክናል። ሙቀቱስ? በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በሃርቫርድ ደን እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪዎች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ ቀብረው አፈሩን በ5 ዲግሪ ማሞቅ ጀመሩ። በ26 ዓመት ውስጥ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ካርቦን 17 በመቶው ጠፋ። በፓናማ ደግሞ የሐሩር ደን አፈር በ4 ዲግሪ ሲሞቅ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ55 በመቶ ጨመረ።

ይህን ያነሣሁት ዓለም እየሞቀች ስለሆነ ነው። የሰማዩን ሙቀት አዘና ብቻዋን አትመልሰውም። የአፈሯን ሙቀት ግን መጠበቅ ትችላለች፤ ዛፍ የቆመበት አፈር ከተገለጠው ይቀዘቅዛልና። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ማሳችሁን በኖራ፣ በፍግና በብስባሽ አድኑ። በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በወንዝ ዳር የቀረውን ደን ከነኮምጣጣነቱ፣ ከነቅጠሉ ተዉት፤ እርሱ የራሱን መላ ያውቃል። አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ወደ ደኑ ሲያቀና ካያችሁ፣ መጀመሪያ የማሳውን አፈር አስመርምሮ እንደሆነ ጠይቁት። ካላስመረመረ ወደ ግብርና ባለሙያው አብራችሁት ሂዱ። የደከመ ማሳ በጥቂት ዓመታት ይታከማል፤ የባከነ የደን አፈር ግን በልጅ ልጆቻችን ዕድሜም ላይመለስ ይችላል።